«በኋላ እነግርሻለሁ» ላላለችኝ አስተርጓሚ

ከሱሉልታ ከተመለስኩ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። ምስጋናዬን ልጽፍ በየማታው እቀመጣለሁ፤ ከየት እንደምጀምር ይጠፋኝና እነሳለሁ። ዛሬ ግን ዝናቡ መስኮቴን እንደዚያን ዕለት ሲደበድበው አየሁና እጄ ተፈታ። ረዘም ቢልባችሁም ታገሱኝ፣ ወገኖቼ። የማመሰግነው ሰው አለኝ፤ የምጠቁማችሁም እሷኑ ነው።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ እሰማ ነበር። ማጅራት ገትር ጥሎኝ ከሰነበትኩበት አልጋ ስነሳ ቤቱ በሙሉ ጸጥ ብሎ ጠበቀኝ። የእናቴ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ተቆጥታ ያኮረፈችኝ መስሎኝ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ዓመት አለፈ። አሁን ዓለም ገና አካባቢ፣ መስማት የተሳነን ሴቶች በጋራ በምንሠራበት አነስተኛ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ፤ በርቀት ደግሞ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት እከታተላለሁ።

በእነዚህ ዓመታት ከሰው የጠገብኩት አንድ ነገር ቢኖር «በኋላ እነግርሻለሁ» ነው። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያነባ «ምን ተባለ?» እላለሁ፤ በኋላ እነግርሻለሁ። ቡና ላይ ቤተሰቡ በሳቅ ሲንፈራፈር «ምንድን ነው?» እላለሁ፤ በኋላ እነግርሻለሁ። ያ በኋላ መጥቶ አያውቅም። ቢመጣም «ኧረ ተራ ወሬ ነው» ተብሎ ነው የሚመጣው። ተራ መሆኑን እኔ ሰምቼ ልፍረድ እንጂ!

ዘመድስ ይሁን። ዘመድ ሙያውን አልተማረም፣ ገንዘብም አይከፈለውም። አንጀቴን ያሳረሩት እየተከፈላቸው ይህንኑ ያደረጉብኝ ናቸው። ቦታም ስምም አልጠራም፤ ጠርቼስ ምን አተርፋለሁ? አንድ ጊዜ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ሥልጠና ተብሎ ተጠራን። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ለመክፈቻው ንግግርና ለፎቶግራፉ ተገኘ፣ አበሉን ፈረመ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ዓይኑን አላየነውም። ሦስት ቀን ሙሉ የአሠልጣኙን አፍና የግድግዳውን ቀለም ስናይ ዋልን። በመጨረሻው ቀን «መስማት የተሳናቸው ተሳታፊዎች ተሳትፎ ደካማ ነበር» ተብሎ በሪፖርት ተጻፈብን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሐኪም ፊት ነው። ሐኪሙ፣ ሰዓቴን እያየሁ፣ አራት ደቂቃ ሙሉ ተናገረ። አብራኝ የገባችው አስተርጓሚ «ደህና ነሽ፣ መድኃኒቱን ውሰጂ» ብላ ዘጋችው። ያን ሁሉ ደቂቃ «ደህና ነሽ» ብቻ ሲል ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌላዋ ደግሞ ብድር ልጠይቅ ስሄድ ያስተረጎመችልኝን የግል ጉዳይ በሳምንቱ ከጎረቤት ሰማሁት። «ሰማሁት» ስል መቼም በዓይኔ ነው።

ስለዚህ ስለ አካታችነትና ማኅበራዊ ደኅንነት ሱሉልታ ላይ ለሁለት ሳምንት በሚሰጠው ዓለም አቀፍ አጭር ኮርስ መመረጤ ሲነገረኝ «አስተርጓሚ ተዘጋጅቷል» የሚለው መስመር ምንም አላስደሰተኝም። እንዲያውም ወፍራም ደብተርና ሦስት እስክሪብቶ ገዛሁ። ከፊት እቀመጣለሁ፣ ከጎኔ ያለውን ሰው እያስቸገርኩ እገለብጣለሁ ብዬ ነበር ያቀድኩት።

ኮርሱ ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው በቴሌግራም መልእክት ደረሰኝ። «አስተርጓሚሽ እኔ ነኝ። እጅሽን ልየው፤ ስለ ፈለግሽው ነገር ሁለት ደቂቃ አውርተሽ ቪዲዮ ላኪልኝ» ይላል። ግራ ገባኝ። ላኩላት። ለካ ምልክት ያወቅኩት ዘግይቼ መሆኑን፣ የጣት ፊደል እንደማበዛ፣ አንዳንድ ምልክት የሠፈሬ ብቻ መሆኑን ልታይ ኖሯል። ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ፦ «ደኅንነት» ለሚለው የትኛውን ምልክት ትጠቀሚያለሽ? የጸጥታውን ነው ወይስ የኑሮውን? የአሠልጣኞቹን ጽሑፍ አስቀድማ ጠይቃ ተቀብላ፣ አንብባ፣ ያልገባትን ምልክት አድርጋበት ነበር። እኔ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ለእኔ ብሎ የተዘጋጀ አስተርጓሚ ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሱሉልታን በሐምሌ ያየ ያውቃታል። በጎጃም በር ወጥታችሁ የእንጦጦን ጀርባ ስትሻገሩ አየሩ ወዲያው ይለወጣል። ሜዳው ውሃ አቁሮ አረንጓዴ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ንጋት ላይ ሯጮች በጭጋጉ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ከዩጋንዳ፣ ከኬንያ፣ ከኔፓልና ከአገራችን የተሰባሰብን 26 ተማሪዎች ነበርን። መስማት የተሳነን አራት ነን፤ ሦስታችን ኢትዮጵያውያን፣ አንዱ የራሱን አስተርጓሚ ይዞ የመጣ ዩጋንዳዊ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። አስተርጓሚዬ እንግሊዝኛውን በጆሮዋ ተቀብላ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በእጇ ታወጣዋለች። አብሯት የሚሠራ ባልደረባ አላት፤ በየሃያ ደቂቃው ይቀያየራሉ፤ ምክንያቱም አእምሮም እጅም ይደክማል። «ከጻፍሽ ስለ ሁለታችን ጻፊ» ብላኛለች። ይኸው ጻፍኩ፤ እሱም እግዚአብሔር ይስጠው፣ ጎበዝ ነው። ግን እሷ ሌላ ናት።

የጣት ፊደላችንን ለማታውቁ፦ እንደ ግዕዙ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ሰባት ድምፆች ደግሞ ሰባት እንቅስቃሴ አለ። ብዙ አስተርጓሚ እንቅስቃሴውን ይውጠዋል፤ «ሰማ» ይሁን «ስሙ» አንተው ገምት ነው ነገሩ። እሷ አንዲት ሳብዕ አትዘልም።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ክፍሉ በሳቅ ሲነቃነቅ አየሁ። የተለመደውን እየጠበቅኩ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል እጇ እየሠራ ነው፤ ቀልዱን ከነለዛው አመጣችው፣ ቀጥላም «ሳቁ አጭር ነው፣ የይሉኝታ ሳቅ» ብላ አከለችበት። በይሉኝታ የሚሳቅ ሳቅ መኖሩን ረስቼው ነበር እኮ! ከኋላ ስልክ ሲጮኽ ትነግረናለች። ውሻ ሲጮኽ ትነግረናለች። ከምሳ በኋላ አንድ የተከበሩ ተሳታፊ ማንኮራፋታቸውንም ነግራናለች፤ አገራቸውን አልናገርም።

ስለ በጀትና ስለ ሰንጠረዡ የተማርነውን እንድተነትን አትጠይቁኝ፤ ያ ክፍል እሷ ብታስተረጉመውም ለእኔ አልገባኝም፣ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። የገባኝን ግን ልናገር። ዩጋንዳዊው ወንድማችን በ1995 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ሕገ መንግሥታቸው የምልክት ቋንቋን በስም ጠርቶ እንደሚያነሳ ሲነግረን ቀናሁ። የእኛም ሥራ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት፣ በ1987 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅ ላጡ ሕፃናት መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይናገራል፤ የምልክት ቋንቋ የሚል ቃል ግን የለበትም። ቢሆንም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በዚያ ውስጥ ሙያተኛ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በስሙ ተጠርቷል። ለካ ስንት ዓመት እንደ ውለታ ስለምነው የኖርኩት ነገር የተጻፈ ነው።

አንድ ቀን ውይይቱ ስለ ምርታማ ሴፍቲኔት ሆነ። መሥራት የሚችለው በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርቶ፣ የማይችለው ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ የሚታቀፍበት የመንግሥት የድጋፍ ፕሮግራም ነው። እጄን አወጣሁ። ጆሮዋ ብቻ የማይሰማ፣ ጉልበቷ ሙሉ የሆነ አንዲት ጓደኛዬ «መሥራት የማትችል» ተብላ ተመዝግባ ነበርና ይህን ስህተት ማን ያርመዋል ብዬ ጠየቅኩ። ስጨርስ «ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ ሰው ሁሉ እያሰበ ነው» አለችኝ። አሠልጣኟ የቀረውን ሰዓት በሙሉ ለዚህ ጥያቄ ሰጠችው። ማታ ከሐዋሳ የመጣች አንዲት የምትሰማ ተማሪ በደብተሬ ላይ «አስተርጓሚሽ ስትናገርልሽ ‹እኔ› ትላለች፤ ‹እሷ እንዲህ ትላለች› አትልም። አንቺ ራስሽ የተናገርሽ ነው የመሰለኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ገጹን አልቀደድኩትም፤ አሁንም እዚህ አለ።

አሁን ወደ በረዶው።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ኬንያዊቷ አሠልጣኝ የእናቷን የጡረታ ጉዳይ እየተረከች፣ ታሪኩ ከጫፍ ደርሶ ነበር። ሰማዩ ድንገት ጠቆረ፣ መብራት ሄደ፣ ማይክሮፎኑም አብሮ ሞተ። ከዚያ በረዶው ወረደ። ለእኔ በወንበሩ እግር በኩል እንደ ወፍጮ ቤት ንዝረት መጣ። የሚሰሙት ጆሯቸውን ይዘው ተያዩ። አሠልጣኟ እጇን ዘርግታ ልታቆም ስትል አስተርጓሚያችን «ቀጥዪ» አለቻት በምልክት። ወንበሯን ለብርሃኑ ወደ መስኮቱ ጎትታ፣ እንደ ንስሐ አባት ጆሮዋን ወደ አሠልጣኟ አፍ አስጠግታ፣ እጇን ወደ እኛ መለሰች። የዩጋንዳዊው አስተርጓሚም በሌላኛው ጆሮ በኩል ገባ።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ታሪኩን እየተከታተልን ያለነው እኛ አራታችን ብቻ ሆንን! ሃያ ሁለት ጆሮ የሚሰማ ሰው አፉን ከፍቶ ያየናል። እናትየው የጡረታ ደብተሯን ይዛ ሦስተኛው መስኮት ፊት ስትቆም የሆነውን እኛ አይተን በአንድነት ስንስቅ ሌላው ዓለም ምንም አላወቀም። የሐዋሳዋ ልጅ እጅጌዬን ጎተተች። «ምን አለች?» ትላለች በከንፈሯ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እስክሪብቶ አነሳሁና በደብተሯ ላይ «በኋላ እነግርሻለሁ» ብዬ ጻፍኩላት።

አነበበችው። መጀመሪያ ግራ ተጋባች፣ ከዚያ ገባት፣ ሳቀችም አፈረችም። ጨክኜ ግን አልቀረሁም፤ በረዶው ሳያባራ ሙሉውን ጻፍኩላት። አምስት ስድስት ሰው ትከሻዬ ላይ ተደርቦ ያነብ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሰው የምልክት ስም፣ ማለትም በእጅ የሚጠራበት ስም፣ የሚወጣለት መስማት በተሳናቸው ሰዎች ነው፤ ለራሱ አያወጣም። ያን ዕለት ማታ አራታችን ተማክረን ስም አወጣንላት፦ በረዶ። የመዝገብ ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ በዚሁ እወቋት።

ስለ ማብሰያ ቤቷ እትዬ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ግፍ ይሆንብኛል። ከበረዶ ሁለት ምልክት ተማሩ፤ «ቡና» እና «ጨምሪ»። «በቃኝ» የሚለውን ልናስተምራቸው ሞክረን እምቢ አሉ። የፍልሰታ ጾም ሳይገባ ብሉ እያሉ ኪሎ ጨምረውብን ነው የሸኙን።

እንግዲህ ጥቆማዬ። ሥልጠና፣ ስብሰባ፣ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ የሐኪም ቀጠሮ ያላችሁ፣ መስማት የተሳነው ዘመድ ወይም ሠራተኛ ያላችሁ፣ እሷን ቅጠሯት። ደግሜ እላለሁ፣ ቅጠሯት። ባልደረባዋንም አብራችሁ ቅጠሩ፤ ሙሉ ቀን ለሚፈጅ ሥራ አንድ ሰው ብቻ መጥራት ሰውየውንም እኛንም መበደል ነው። ንግግራችሁን ወይም ጽሑፋችሁን ቀደም ብላችሁ ላኩላት፤ ታነብበዋለች። ብርሃን ፊቷ ላይ በሚያርፍበት ቦታ አቁሟት፤ መስኮት ከጀርባዋ ከሆነ እኛ የምናየው ጥላ ብቻ ነው። በዋጋ አትከራከሯት። ለድንኳንና ለድምፅ ማጉያ ሳትከራከሩ የምትከፍሉትን አይቻለሁ።

የሐኪም ቀጠሮዬ በመስከረም ነው፤ እሷን ይዤ ልገባ ቀን አስይዣለሁ። አራቱም ደቂቃ ይነገረኛል።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፤ ዛሬውኑ እልክላችኋለሁ። በኋላ አልላችሁም።