«ኮንቴነር እንጋራ» ለሚላችሁ ሰው ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ጅማ ያላችሁ ነጋዴዎች፣ በተለይ ሂርማታና መርካቶ የቤት ዕቃ የምትሸጡ፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳታስገቡ።

የቡና ብር ከተማው ውስጥ መዘዋወር ሲጀምር «አስመጪ ነኝ» ባይ አይጠፋም። አሁን የሚዞረው ሰው ንግግሩ ማር ነው። ቻይና ሰው አለኝ፣ ፈቃድ አለኝ፣ እናንተ ዕቃ ምረጡ ብቻ ይላል። አንድ ሰው ብቻውን ኮንቴነር መሙላት ስለሚከብደው ተጋሩ፣ ግማሹን አሁን ክፈሉ፣ ቀረጡም ትራንስፖርቱም ትራንዚተሩም (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ዋጋው ውስጥ አለ፣ ዕቃው ሱቃችሁ በር ላይ ይራገፋል ይላል። ብሩ የሚገባው ግን በድርጅት ሂሳብ ሳይሆን በግለሰብ ስም ነው።

አንዲት ጎረቤታችን ለፔርሙዝና ለብርድ ልብስ ከፈሉ። ከዚያ ዛሬ ነገ ሆነ። ጅቡቲ ተጨናንቋል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወረፋ ነው፣ ዶላር ጨምሯልና ብር ጨምሩ ይላቸዋል። (ጅቡቲ መጨናነቁ አንዳንዴ እውነት ነው፤ ውሸቱ የሚያምረውም ለዚህ ነው።) ሲጨቀጭቁት የቢል ኦፍ ሎዲንግ (ዕቃው መርከብ ላይ ለመጫኑ የሚሰጥ ሰነድ) ፎቶ በቴሌግራም ላከላቸው። የሱቆች ሂሳብ ስለምሠራ ለእኔ አመጡት።

ፎቶው ደብዘዝ ያለ ነው፣ ጥጉ ላይ የሰው አውራ ጣት ይታያል። አጉልቼ አየሁት። በኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለሻጩ ክፍያውን ዋስ ሆኖ በሚመጣ ዕቃ ላይ፣ የተቀባዩ ቦታ ብዙ ጊዜ የባንኩን ስም ይይዛል፤ ከሥሩ፣ ዕቃው ሲደርስ የሚነገረው ሰው በሚጻፍበት ቦታ ደግሞ የአስመጪው ስም ይገባል። እዚህ ላይ ሁለቱም ቦታ የተጻፈው የማናውቀው ድርጅት ስም ነው። የሰውየው አይደለም፣ የእሳቸውም አይደለም። የዕቃው ዝርዝር «የፕላስቲክ ወንበር» ይላል። ፔርሙዝ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ።

ጉምሩክ የሚያውቀው ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ነው። ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ ዕቃው የሚታወቅበት ሰነድ) በሌላ ሰው ስም ከወጣ እናንተ የዚያ ዕቃ ባለቤት መሆናችሁን በምን ታሳያላችሁ? ዲክላራሲዮን ላይ ያልተመዘገበ ዕቃ ኮንቴነሩ ውስጥ ከተገኘ ሊወረስ ይችላል። ቢያልፍላችሁ እንኳ የግዢ ሰነድ ስለሌላችሁ ገቢዎች ወጪውን አይይዝላችሁም፤ ትርፍ ባላገኛችሁበት ግብር ትከፍላላችሁ። የሰው ፈቃድ ተከራይቶ መሥራትም ክልክል ነው፤ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ይከለክለዋል።

«ቀረጡ ዋጋው ውስጥ አለ» የሚለውን በካልኩሌተር ፈትሹት። ዕቃው ከነኢንሹራንሱና ከነማጓጓዣው 100,000 ብር ነው እንበል፣ ቀረጡ ደግሞ 30 በመቶ። 30,000 ቀረጥ ሆነ። ቫት 15 በመቶ የሚሰላው ቀረጡ ተደምሮ በ130,000 ላይ ነው፤ 19,500። ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጨመር ግብር) 10 በመቶ ደግሞ ሁሉም ተደምሮ በ149,500 ላይ ይሰላል፤ 14,950። ድምሩ 64,450 ብር ነው፣ ቅድመ ግብሩንና ሌሎች ክፍያዎችን ሳንጨምር። እሱ የጠራው ዋጋ ይሄን ሁሉ ችሎ አሁንም ከአዲስ አበባ ጅምላ የሚረክስ ከሆነ፣ ወይ ዋጋው ተቀንሶ ተመዝግቧል፣ ወይ ጭራሽ ዕቃ የለም።

ሌላው ማስፈራሪያው «ባንክ ለዚህ ዕቃ ዶላር አይፈቅድም» ነው። ጥቅምት 2015 ላይ 38 ዓይነት ዕቃዎች ታግደው ነበር፣ እውነት ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሬው አሠራር ሲቀየር ግን እገዳው ተነስቷል። ባንክ ቤት ሄዳችሁ ራሳችሁ ጠይቁ።

ኮንቴነር መጋራት በራሱ ነውር የለበትም። ግን በሕጋዊው መንገድ እያንዳንዱ ተጋሪ በየስሙ ፕሮፎርማ (የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ)፣ የባንክ ፈቃድ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግና ዲክላራሲዮን ይኖረዋል። ለዚህ የራሳችሁ የአስመጪነት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለብቻ ካልቻላችሁ ተሰባስባችሁ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሙና ፈቃዱን በማኅበሩ ስም አውጡ። ያም ካልሆነ ከአዲስ አበባ አስመጪ በደረሰኝ መግዛት ይሻላል፣ ትርፉ ቢያንስም።

የሰውየውን ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር ጠይቁት፤ ፈቃዱ የጸና መሆኑ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ይታያል። ጎረቤታችን ሲጠይቁት «በእኔ አታምኚም እንዴ፣ እናቴ?» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ጉዳዩ ለፖሊስ ቀርቧል። ከእሱ ጋር «የተጋራችሁ» ካላችሁ የባንክ ደረሰኛችሁን ፎቶ አንሱ፣ የቴሌግራም ምልልሱን እንዳታጠፉ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አቤቱታውን አንድ ላይ ብናስገባ ይሻላል።