በረንዳዬ ላይ የሰቀልኩት ልብስ ማስጫ፣ ከ11 ወር በኋላ

ቀድሜ ልናገር፦ ልብስ ውጭ ማስጣት እወዳለሁ። የማደላው ለገመድ እንደሆነ አውቃችሁ አንብቡኝ። ማድረቂያ ማሽን ካለው ሰው ጋር ጠብ የለኝም። ግን ፀሐይና ነፋስ በነፃ የሚሠሩትን ሥራ፣ ሰው ያየናል ብለን ብቻ እንተወው የሚለው ነገር ያናድደኛል። ይህን ዕቃ የገዛሁትም በዚያ ንዴት ነው።

ዕቃው ግድግዳ ላይ የሚታሰር ረዘም ያለ የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ውስጡ 5 ገመድ በስፕሪንግ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የገመዶቹ ጫፍ አንድ ዘንግ ላይ ታስሯል። ዘንጉን ስባችሁ ማዶ ግድግዳ ላይ ካለው መንጠቆ ታንጠለጥሉታላችሁ፤ ልብሱ ሲደርቅ ታወልቁታላችሁ፣ ገመዱ ራሱ ተጠቅልሎ ይገባል። ካርቶኑ ላይ 21 ሜትር ማስጫ ይላል። ይሄ እያንዳንዱ ገመድ እስከ መጨረሻው፣ እስከ 4.2 ሜትር ሲሳብ ነው። የኔ በረንዳ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 3.5 ሜትር ስለሆነ የማገኘው 17.5 ሜትር ነው። ለሁለት ዙር እጥበት ይበቃል፣ ግን 21 አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት በረንዳችሁን ለኩ።

ከዚህ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ መኝታ ቤት ውስጥ በሚቆም ማስጫ ነበር የማደርቀው። የመስኮቱ መስታወት ሁሌ ላብ ያወጣል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳ አላቅቄ ሳይ ጀርባው በሻጋታ ጠቁሯል። አንድ ማሽን ሙሉ እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ ሲደርቅ እስከ 2 ሊትር ገደማ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። ያ ውሃ የትም አይሄድም፤ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ፈልጎ እዚያ ይቀመጣል። ልጅ ያለው ሰው፣ አስም ያለበት ሰው፣ ይህን ነገር በቀላሉ ባያየው እላለሁ።

እሺ፣ ታዲያ ለምን ሁለት ዓመት ጠበቅኩ? ሰው ፈርቼ ነው። የህንፃው ደንብ ላይ "በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ክልክል ነው" የሚል መስመር አለ፣ ደንቡ ባይኖርም ደግሞ አይን አለ።

የመጀመሪያውን ቀን አንሶላና ፎጣ አስጥቼ ቆሜ እያየሁ ሳለ በጎን ያሉት ጎረቤቴ ብቅ አሉ። ትልቅ ሴት ናቸው፣ እንደ እናቴ ነው የማያቸው።

"ልጄ፣ ምን አጥተሽ ነው?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ማሽን የለሽም እንዴ? ሰው ምን ይላል? ገበና እኮ ነው።"

"እማማ፣ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ምኑ ነው ገበና?" አልኳቸው።

"የውስጥ ልብሱስ?"

እሱ ላይ እውነታቸውን ነው። እኔም የውስጥ ልብሴን መንገደኛ እንዲያየው አልፈልግም። መፍትሔው ግን ከዕቃው ጋር ነው የመጣው፦ በመንገድ በኩል ባሉት ሁለት ገመዶች ላይ አንሶላና ፎጣ አሰጣለሁ፣ መሃል ላይ ካልሲና የውስጥ ልብስ፣ በቤት በኩል ቲሸርት። ከውጭ የሚታየው ፎጣ ብቻ ነው። 5 ገመድ ጎን ለጎን ያለው ማስጫ ከነጠላ ገመድ የሚበልጥበት ትልቁ ምክንያት ለኔ ይሄ ነው፣ ሻጮቹ ግን አንዳቸውም አይነግሩህም።

"ምን አጥተሽ ነው" የሚለው ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። ገመድ ያየ ሰው ድህነት ያየ ይመስለዋል። ነገሩ የኛ ሕንፃ ብቻም አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ብዙ የመኖሪያ ሰፈሮች ውጭ ማስጣትን ለረጅም ጊዜ ሲከለክሉ ኖረዋል፣ የሰፈሩን ገጽታ ያበላሻል፣ የቤት ዋጋ ያወርዳል ብለው። ነገሩ እስከ ሕግ አውጪዎች ደረሰ፦ የካናዳዋ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የአሜሪካዋ ቨርሞንት በ2009 እንዲህ ያለውን ክልከላ የሚሽር ሕግ አወጡ። ልብስ ለማስጣት መብት! በሌላ በኩል ደግሞ ሲንጋፖርን እዩ። መንግሥት የሠራቸው ፎቆች ከመስኮቱ ውጭ የልብስ ዘንግ መሰኪያ ተገጥሞላቸው ነው ለነዋሪው የተሰጡት። አንዱ ጋ የሚያሳፍረው ሌላው ጋ ከነቤቱ ተሠርቶ ይሰጣል። ስለዚህ ነውሩ ልብሱ ላይ የለም፣ እኛ ነን የምንለጥፍበት።

አሁን ወደ ገጠማው። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱም እኔ ተጎድቼበታለሁ።

ሣጥኑን የሰቀለልኝ ባለሙያ ውሃ ልክ አስቀምጦ፣ በድሪል በስቶ፣ ፊሸር ከቶ፣ ቪቱን አጥብቆ ሄደ። ሲታይ ሸጋ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሁለት እርጥብ አንሶላና አንድ ብርድ ልብስ አሰጣሁ። ወጥ ቤት ሆኜ "ጧ!" የሚል ሰማሁ። ስወጣ ሣጥኑ ከነልስኑ ተገንጥሎ ወለል ላይ ነው፣ ነጩ አንሶላ በሲሚንቶ ዱቄት ተለውሷል፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ቀርቷል። ቪቱ የያዘው ልስኑንና ባዶውን ብሎኬት ነበር። ከ40 ሳንቲም ወዲህ የኮንክሪት ምሰሶ ነበረ፣ አንኳኩቶ ቢያዳምጥ ኖሮ ይሰማው ነበር።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ካርቶኑ 20 ኪሎ ይችላል ይላል፤ ሰው ደግሞ "ልብሱ 10 ኪሎ ቢሆን ነው" ይላል። ግን አግድም የተወጠረ ገመድ ግድግዳውን የሚጎትተው በልብሱ ክብደት ልክ አይደለም። 3.5 ሜትር ገመድ መሃሉ ላይ 10 ኪሎ ተንጠልጥሎበት 15 ሳንቲም ብቻ ቢረግብ፣ በየጫፉ ያለው ጉተታ 58 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይበልጥ ቀጥ አድርጋችሁ በወጠራችሁት ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ ገመዱ መርገቡ ጉድለት አይደለም፣ ግድግዳችሁን እያዳነላችሁ ነው። ከባዱን ልብስ ከመሃል ሳይሆን ወደ ጫፍ አድርጉት፣ ቪቱን ደግሞ ኮንክሪት ላይ ብቻ። ሁለተኛውን ጊዜ እኔው ራሴ ምሰሶው ላይ ገጠምኩት። እስካሁን ንቅንቅ አላለም።

አደራረቁስ? በጣም ደስ ይላል። ነፋስ ካለ ቲሸርት ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ሙቀት ብቻ የሚያደርቅ የሚመስለው አለ፣ ነገር ግን ደረቅ አየርና ነፋስ ከፀሐዩ ያላነሰ ይሠራሉ። በረዶ በሚጥልበት አገር እንኳን ልብሱ ገመዱ ላይ እንደ ጣውላ ጠንክሮ ይቆምና በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይጠፋል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይደርቃል።

ፎጣ ግን ይቆረፍዳል። ይህን የሚክድ ሰው ውጭ አስጥቶ አያውቅም። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ምክንያቱን አሳይተዋል፦ ጥጡ ደረቀ ስንል ክሮቹ ላይ ትንሽ ውሃ ይቀራል፣ እሱ ውሃ ክሩን ከክሩ እንደ ሙጫ ያያይዘዋል። መድኃኒቱ ማራገፍ ነው። ከማስጣታችሁ በፊት ፎጣውን በሁለት እጅ ይዛችሁ እስኪጮህ አራግፉት፣ ስታነሱትም እንደገና። ሙጫው ይላቀቃል፣ እንደ ማሽኑ ባይሆንም ይለሰልሳል።

ሽታው ደግሞ! ፀሐይ ላይ የደረቀ አንሶላ ላይ ፊቴን ስጥል የሚሰማኝን ነገር በምንም ሳሙና አላገኘሁትም። ስሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን ፀሐይ ላይ የደረቁ ፎጣዎች ላይ አልዲሃይድና ኪቶን የሚባሉ ውህዶች እንደሚፈጠሩ አሳይቷል። ከነዚህ አንዳንዶቹ ዕፅዋትና ሽቶ ውስጥም ያሉ ናቸው። አፍንጫዬ አልዋሸኝም ማለት ነው።

ፀሐይ የምትበላው ነገርም አለ። ጥቁርና ደማቅ ልብስ ተገልብጦ ካልተሰጣ ይነጣል፤ አንድ ጥቁር ሸሚዜ ትከሻው ላይ ቡናማ ሆኖብኛል። ሹራብ ገመድ ላይ አይሰቀልም፣ እርጥበቱ ጎትቶ ያረዝመዋል፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጉት። ሸሚዝ ከትከሻው ሳይሆን ከታች ጠርዙ ይቆንጠጥ። የአበባ ብናኝ የሚያስነጥሰው ሰው በአበባ ወቅት የትራስ ልብሱን ውጭ ባያሰጣ ይሻለዋል።

መቆንጠጫው ለብቻው ይነሳ። ከዕቃው ጋር 20 የፕላስቲክ መቆንጠጫ ይመጣል። በ4 ወር ውስጥ ፀሐይ አድርቋቸው ጣቴ ላይ እየተሰበሩ አለቁ፣ ጣሏቸውና እንጨቱን ግዙ። ሁለት እንጨት በአንድ ስፕሪንግ የተያያዘበትን መቆንጠጫ እ.ኤ.አ. በ1853 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ዴቪድ ስሚዝ የሚባል ሰው ነው፤ አገሩ ቨርሞንት ነበር፣ ያቺው በኋላ የማስጣት መብትን በሕግ ያስከበረችው ግዛት። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያው ነው።

ገመዱ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። በየሁለት ሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። አንዴ ረስቼ ነጭ አንሶላ ብዘረጋበት መሃል ለመሃል ጣት የሚያክል ጥቁር መስመር ወጣበት፣ ሁለቴ ታጥቦ ነው የለቀቀው። አምስተኛው ገመድ ከ8ኛው ወር ጀምሮ ራሱ አይገባም፣ በእጄ እየገፋሁ አስገባዋለሁ። ለሻጩ ጻፍኩ፣ ፎቶ ላኪ አለኝ፣ ላክሁ፣ ከዚያ ዝም። ለዕቃው ሙሉ ነጥብ የማልሰጠው በዚህ ነው። አራቱ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ናቸው። ዛሬም ብሆን እገዛዋለሁ፣ ሽፋኑ ጠበቅ ያለ ቢኖር ያንን መርጬ፣ ምክንያቱም የኔው ክዳን ዳር ዳሩ ክፍት ስለሆነ አቧራ ያስገባል፣ ስፕሪንጉን የጎዳውም እሱ ይመስለኛል።

ሣጥኑ በተገነጠለበት ሳምንት ነበር የህንፃው አስተዳደር ደብዳቤ በበሬ ሥር የገባው። ደንብ ጥሰሻል፣ አንሺ። ሄጄ አነጋገርኳቸው። የሻጋታውን ፎቶ አሳየኋቸው፣ ማስጫው ልብስ ከሌለበት እንደማይታይም ነገርኳቸው። ከመከለያው ግንብ በታች ከሆነ አናይም አሉኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ከራሴ በላይ የነበረውን 1.1 ሜትር ላይ አወረድኩት። ተስማማሁ፣ ሆኖም ልቤ አልተቀበለውም። ግንቡ ነፋሱን ይከልላል፤ በ4 ሰዓት ይደርቅ የነበረ ጂንስ አሁን 6 እና 7 ሰዓት ይፈጃል፣ ትልቁን አንሶላ ደግሞ አራት አጥፌ ካልሆነ ወለል ይጠርጋል፣ የታጠፈው ውስጡ እስከ ማታ እርጥብ ነው። ከታች የሚያልፍ ሰው ፎጣ እንዳያይ ተብሎ!

በሚቀጥለው ወር የነዋሪዎች ስብሰባ አለ። ልብስ ታጥቦ እስኪደርቅ፣ በቀን ብቻ፣ ከግንቡ በላይም ማስጣት ይፈቀድ ብዬ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። እስካሁን 9 ቤት ፈርሞልኛል። ጎረቤቴ አልፈረሙም። ያሰጣሁት ላይ ዝናብ ሲጀምር ግን በሬን የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው።