ናፍፕሊዮን በደርሶ መልስ አትጎብኟት

ከአቴንስ በአውቶቡስ ከሁለት ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጉዞ የምትገኘው ናፍፕሊዮ፣ በደቡብ ግሪክ በሚገኘው የፔሎፖኔዝ ልሳነ ምድር ምሥራቅ፣ በአርጎስ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የተቆረቆረች ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። አስጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ ከሚኬኔና ከኤፒዳውሮስ ጥንታዊ ሥፍራዎች ጋር አጣምረው ለምሳ ያህል ብቻ ያቆሙባታል፤ እኔም በመጀመሪያ ያየኋት እንዲሁ ነበር። ባለፈው መስከረም፣ የመስቀል በዓል ሳይደርስ፣ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ከመጣችው እናቴ ጋር ሁለት ሌሊት ካደርኩባት በኋላ ግን ያ የአንድ ቀን ጉዞ ምን ያህል እንዳጎደለብኝ ተረዳሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን የሚይዘው ከባሕር ወለል በላይ 216 ሜትር ከፍታ ባለው ገደላማ ኮረብታ ላይ የተሠራው የፓላሚዲ ምሽግ ነው። ቬኒሳውያን እ.ኤ.አ. ከ1711 እስከ 1714 የገነቡት ይህ ምሽግ፣ አንዱ ክፍል በጠላት ቢያዝ እንኳ ሌላው ለብቻው መዋጋት እንዲችል ታስቦ በስምንት ጠንካራ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎለት ገና በተጠናቀቀ በዓመቱ፣ በ1715፣ በኦቶማን ቱርኮች እጅ መውደቁ ይገርማል፤ ግሪኮች የያዙት በ1822 በነፃነት ጦርነታቸው ወቅት ነው። የአገሬው ሰው ከከተማው ወደ ላይ የሚወስደው ደረጃ 999 ነው ይላል፣ የቆጠሩት ግን ከዚያ ያነሰ ነው የሚያገኙት። ደረጃው በኮረብታው ምዕራባዊ ገጽ ላይ በመሆኑ ጠዋት ጥላ ስላለው በማለዳ መውጣት ይሻላል። ጉልበቷ የሚያስቸግራት እናቴ ከጀርባ በኩል ባለው የመኪና መንገድ በታክሲ ወጥታ በላይኛው በር ጠበቀችኝ። ከላይ ሆኖ ከተማውን፣ ወደቡንና ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያሉትን ተራሮች በአንድ ጊዜ ማየት የመግቢያውን ክፍያ የሚያስቆጭ አይደለም። የነፃነት ጦርነቱ የጦር መሪ ቴዎዶሮስ ኮሎኮትሮኒስ የታሰረበት ነው ተብሎ የሚታየው ጨለማ ክፍል ግን በጣም አጎንብሶ መግባትን ስለሚጠይቅ ለአረጋውያን አይመችም።

እኔን ከምሽጉ ይበልጥ የነካኝ በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገድ ላይ ያለው ትንሹ የቅዱስ ስፒሪዶን ቤተ ክርስቲያን ነው። የአዲሲቱ ግሪክ የመጀመሪያ ርእሰ ብሔር ዮአኒስ ካፖዲስትሪያስ በ1831 ለጸሎት ሲገባ የተገደለው በዚህ በር ላይ ነው፤ ናፍፕሊዮ ያን ጊዜ የአገሪቱ መዲና ነበረች፣ መዲናነቱ ወደ አቴንስ የዞረው በ1834 ነው። የጥይቱ ምልክት ነው የሚባለው ከበሩ አጠገብ በመስታወት ተሸፍኖ ይታያል። እናቴ እንደ ልማዷ በሩን ተሳልማ ቀና ስትል አየችው፤ ታሪኩን ስነግራት ለሟቹ ጸልያ ነው የገባችው።

በባሕር ለመዋኘት ሁለት የባሕር ዳርቻ ምርጫ አለ። ከአሮጌው ከተማ በእግር የሚደረሰው አርቫኒትያ ጠጠራማ ነው፤ ውኃው እጅግ ጥርት ያለ ቢሆንም ቶሎ ስለሚጠልቅ ዋና ለሚችል ሰው ነው። ከዚያ የባሕሩን ዳር ይዞ በሚሄድ የእግር መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ካራቶና ግን አሸዋማ፣ ረጅምና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ልጆችንና አዛውንቶችን ይዞ ለሚሄድ ያለ ማመንታት የምመርጠው እርሱን ነው። በወደቡ ፊት ለፊት በደሴት ላይ ወዳለው ቡርትዚ ወደሚባለው ትንሽ ምሽግ የሚወስዱ ጀልባዎችም አሉ።

በምግብ በኩል አንድ ቅሬታ አለኝ። በወደቡ ዳር በተመገብንበት ቤት ዓሣው በኪሎ እንደሚሸጥ የተነገረን ሒሳቡ ከመጣ በኋላ ነበር፤ ስለዚህ ሳይጠበስ አስመዝኖ ዋጋውን መጠየቅ ይገባል። ለሚጾም ሰው ደግሞ «ኒስቲሲሞ» የሚለውን ቃል መያዝ ይጠቅማል፤ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት የጾም ምግብ ማለት ነው። ነገር ግን በግሪኮች ሥርዓት ኦክቶፐስና ሽሪምፕ በጾም ይበላሉ፤ ረቡዕ ቀን እናቴ የጾም ብላ ያዘዘችው ሳህን ኦክቶፐስ ይዞ መጥቶ መልሰን፣ በምትኩ በወይራ ዘይት የተሠራ ባቄላ ተሰጣት፤ እርሱንም ወደደችው።

ማደሪያ ስትይዙ በአሮጌው ከተማ ያሉት ቤቶች አብዛኞቹ አሳንሰር የሌላቸው መሆኑን አስቡ። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ስለደረሰን በሁለተኛው ቀን ምድር ቤት እንዲቀይሩልን ለመንናቸው፣ ቀየሩልንም።