ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኦክስጅን ለምታስሞሉ፦ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ

እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ የማገዶ ጭስ ስትስብ ኖራ ሳንባዋ ከደከመ ሰንብቷል። ዘንድሮ ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ ቤት ውስጥ በደቂቃ 2 ሊትር ኦክስጅን አዘዘላት። በመብራት የሚሠራውን ማሽን ለመግዛት አቅማችን አልፈቀደም፤ ቢፈቅድም የሰፈራችን መብራት የሚታመን አይደለም። ስለዚህ በሲሊንደር ጀመርን።

ከቤተሰቡ ስለ ሲሊንደር የሚያውቅ አልነበረም። መጀመሪያ ከያዝነው ሰው ጋር በሳምንት 5፣ አንዳንዴም 6 ጊዜ ስናስሞላ ከረምን። ወንድሜ ተበደረ፣ እኔ የዕቁብ ዕጣዬን ሸጥኩ። «የሕመምተኛ ነገር እንዲህ ነው» ሲሉን አምነን ተቀመጥን።

ይህን ልጅ የጠቆመችን ጎረቤታችን ናት። ሥራው ሲሊንደር ማመላለስ ነው፤ ያመጣል፣ ይገጥማል፣ ባዶውን ይወስዳል። ገብቶ ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) እንዳየ «ይኼ መቼ ተሞላ?» አለ። «አሁን ገና መጣ» አልነው። መርፌው 100 ላይ ነበር። ወረቀት አስመጥቶ አሰላልን። የሲሊንደሩ ሊትር (የብረቱ የውስጥ ስፋት) በጌጁ ቁጥር ይባዛል። የኛ 40 ሊትር ነው፤ እስከ 150 ባር (ጌጁ ግፊቱን የሚቆጥርበት ነው) ሲሞላ 6,000 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል፣ በደቂቃ 2 ሊትር 50 ሰዓት ያስኬዳል። በ100 ባር ግን 4,000 ሊትር ብቻ ነው፤ 33 ሰዓት። ሲሶውን ሳንቀበል የሙሉ ስንከፍል ኖረናል። እሱ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም፤ እኔ ግን አለቀስኩ። (ትኩስ የተሞላ ሲሊንደር ከፍ አድርጎ ያሳያል። በእጅ ሲነካ ሞቅ ካለ እስኪበርድ ጠብቃችሁ አንብቡ።)

በዚያ አላበቃም። እናቴን ይዞት በመጣው ትንሽ ሲሊንደር ላይ አድርጎ የኛን ፈተሸ። የመውጫውን መስመር ዘጋ፣ ቫልቩን ከፍቶ መርፌውን አየ፣ ቫልቩን መልሶ ዘጋና ሩብ ሰዓት ጠበቅን። መርፌው ወረደ። ሬጉሌተሩ (ግፊቱን ቀንሶ ኦክስጅኑን የሚያወጣው ዕቃ) ከሲሊንደሩ ጋር የሚጋጠምበት ላይ ያለችው ቀለበት ተበልታ ኖሯል። አዲስ ቀየረልን፤ የቀለበቷን ሂሳብ እስከ ዛሬ አልነገረንም። አሁን በሳምንት 3፣ ቢበዛ 4 ጊዜ ነው የምናስሞላው። ይህ ልጅ የሚከፈለው በምልልሱ ልክ ነው። ምልልሱን የቀነሰልን ግን ራሱ ነው።

ሁለተኛ ሲሊንደር ስንፈልግ ወንድሜ ከአንድ ብየዳ ቤት በርካሽ አገኘ። ትከሻው ላይ የተመታው የፍተሻ ዓመት 2014 ይላል፤ «ቅርብ ነው» ብሎ ሊከፍል ሲል ልጁ አስቆመው። ምቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በኛ 2006 ወይም 2007 ማለት ነው። ሲሊንደር ደግሞ እንደ ስሪቱና እንደ ደንቡ በየ5 ወይም በየ10 ዓመቱ በውኃ ግፊት መፈተሽ አለበት። ከዚያም በላይ የብየዳ ቤት ሲሊንደር ምን ሲሞላበት እንደኖረ አይታወቅም፤ ለሕመምተኛ አይሆንም አለ። ቀለሙንም አትመኑ፤ በአሜሪካ የሕክምና ኦክስጅን አረንጓዴ ነው፣ በዓለም አቀፉ ደረጃ ነጭ ነው፣ እኛ ዘንድ ሁሉም ይገባል። በመጨረሻ የፍተሻ ጊዜው ያላለፈበት ያገለገለ የሕክምና ሲሊንደር ፈልጎ አገኘልን፤ ከአዲሱ በብዙ ይቀንሳል።

እናቴ ፀጉሯን ቅቤ መቀባት ትወዳለች። አጠገቧ ተንበርክኮ «እማማ፣ ኦክስጅንና ቅባት አይስማሙም፣ እሳት ያስነሳሉ፤ ቅቤው ይቆይዎት» አላት። ከኔ አፍ ቢሆን አትሰማም ነበር። የቡናውን ከሰል፣ ዕጣኑንና ጧፉን ከክፍሉ አስወጣ። ቫልቩን በቅባታማ እጅ እንዳንነካ፣ ሐኪም ሳያዝ ከ2 ሊትር እንዳንጨምር (ለእንዲህ ያለ ሳንባ መብዛቱም ይጎዳል) ደጋግሞ ነገረን። ባዶው ብቻ 50 ኪሎ ገደማ የሚሆን ብረት ከጓደኛው ጋር 4ኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ ያወጣል፤ ቆቡን ሳያጠብቅ አያነሳውም፣ ከመስኮቱ ብረት ጋር በሰንሰለት ሳያስር አይሄድም። እናቴ «እደግ፣ ዘርህ ይባረክ» ሳትለው ወጥቶ አያውቅም።

ስሜን አትጻፊ ስላለኝ አልጻፍኩም። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ገላን ድረስ ይሠራል። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ስትደውሉለት የሲሊንደራችሁን ሊትርና የጌጁን ቁጥር አይታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።