በራሱ የሚላክ የብልሽት ሪፖርት ወይስ በእጅ የሚጻፍ? ከመክፈላችሁ በፊት

"ፕሮግራሜ ሲወድቅ በራሱ ክራሽ ሪፖርት የሚልክ ነገር ልግዛ ወይስ ሰው ራሱ ይጻፍልኝ?" ሶፍትዌር የሚሠሩ ጓደኞቼ ይህን መጠየቅ አልሰለቻቸውም። መልሴም ያው ነው፦ በራሱ የሚልከውን ግዙ። ዋጋው ላይ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ።

በእጅ የሚጻፈው ነጻ ይመስላል። የስህተት ሪፖርት የሚመዘገብበት ባግዚላ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ አለ። ሂሳቡ የሚመጣው በኋላ ነው። አንድ ደንበኛዬ "አይሠራም" ብሎ ጻፈልኝ። በቃ። ከሥሩ በስልክ ያነሳው የስክሪን ፎቶ አለ፤ የስህተቱ ቁጥር ላይ ደግሞ የመብራት ነጸብራቅ አርፎበታል። የትኛው ቨርዥን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ሦስት ቀን ተጻጻፍን። ያ ጊዜ በገንዘብ ሲታሰብ በራሱ ለሚልከው ከሚከፈለው የአንድ ወር ክፍያ ይበልጣል። እሱስ ጻፈ፤ ብዙው ሰው ፕሮግራሙን ዘግቶ ዝም ነው የሚለው።

በራሱ የሚልከው ስታክ ትሬሱን (ፕሮግራሙ ኮዱ ውስጥ የት ላይ እንደወደቀ የሚያሳየውን ዝርዝር)፣ ቨርዥኑንና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ይዞ ይመጣል። እንደ ሴንትሪ ያሉት ሪፖርት ተቀባይ አገልግሎቶች የተወሰነ ነጻ ኮታ አላቸው፤ ከዚያ በላይ በሪፖርት ብዛት ያስከፍላሉ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ማስቀመጥ ያቃተው ፕሮግራሜ በየሰከንዱ እየሞከረ፣ በየሰከንዱ ሪፖርት ሲልክ አደረ። ጠዋት ስነሳ የወሩ ኮታ አልቋል። ያውም በአንድ ስህተት! ተደጋጋሚ ሪፖርትን የሚገድብ ኮድ ከሁሉ በፊት አስገቡ።

"ራሴ ሰርቨር ላይ ብጭነውስ?" ሴንትሪ 16 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፤ ለትንሽ ፕሮግራም የሰርቨሩ ኪራይ ቁጠባውን ይበላዋል። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ግሊችቲፕ ቀለል ይላል፤ የሴንትሪን ኤስዲኬም (ፕሮግራማችሁ ውስጥ የሚገባውን ሪፖርት ላኪ ኮድ) ይቀበላል።

ዊንዶውስ ላይ በሲ ፕላስ ፕላስ የምትሠሩ፣ ለደንበኛ የወጣውን የእያንዳንዱን ቨርዥን ፒዲቢ ፋይል (የሜሞሪ አድራሻን ወደ ኮዱ መስመር የሚተረጉመውን) አስቀምጡ። እኔ አንዱን አጥፍቼ፣ ክራሹ ሲመጣ ያየሁት የሜሞሪ አድራሻ ብቻ ነበር። ኮዱን እንደገና ኮምፓይል ባደርግም አዲሱ ፒዲቢ ከድሮው ፕሮግራም ጋር አልገጠመም። ሚኒደምፕ (ፕሮግራሙ ሲወድቅ ከሜሞሪው የሚቀዳ ፋይል) ውስጥ ደግሞ የሰው ፓስወርድ ሊገኝ ስለሚችል፣ ሳታስፈቅዱ እንዳትልኩ።

በእጅ የሚጻፈውን ጨርሳችሁ አትጣሉት። ፕሮግራሙ ሳይወድቅ ድምር ቢሳሳት ክራሽ ጠባቂው ምንም አያይም። እኔ ሜኑው ላይ "ችግር አለ" የምትል ቁልፍ አስቀምጫለሁ። ስትጫን ቨርዥኑና ሎጉ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) አብረው ይላካሉ፤ ሰውየው አንድ መስመር ከጻፈ ይበቃል። አሁንም "አይሠራም" ብቻ ብሎ የሚልክ አለ። ቢሆንም ሎጉ አብሮት ይመጣል።