የካንግሺ ጉዞ በሸራ ህትመት፣ ሐዋሳ

ፒያሳ አካባቢ ያለው ማተሚያ ቤት፣ የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ በ1689 እ.ኤ.አ. ያደረገውን የደቡብ ጉዞ ከሚያሳዩት 12 ጥቅልል ሥዕሎች ሦስተኛውን በሸራ ያትማል። ዋናው ሐር ላይ የተሳለ ሲሆን 68 ሴንቲ ሜትር በ14 ሜትር ገደማ ነው፤ በግማሽ መጠን 34 ሴንቲ በ7 ሜትር ይሆናል። የፋይሉ ቁመት ከ2,000 ፒክስል ካነሰ ሠዓሊው ዋንግ ሁዪ ከተራሮቹ ሥር ያሰለፋቸው ፈረሰኞች ነጠብጣብ ይሆናሉ። የተራራው ሰማያዊና አረንጓዴ ከልክ በላይ ስለሚደምቅ መጀመሪያ 30 ሴንቲ ናሙና አሳትሙ። ባነር አትምረጡ፤ ያብለጨልጫል።

ሰቀላቸው ግን አያስመሰግንም። ሦስት ቦታ ቆርጠው ከግራ ይጀምራሉ፤ ጥቅልሉ የሚታየው ከቀኝ ወደ ግራ ነውና ከጂናን ከተማ ወደ ታይ ተራራ የሚሄደው ጉዞ ተገልብጦ ከተራራው ተነስቶ ጂናን ያበቃል! ከመቆረጡ በፊት ጀርባው ላይ ቁጥር አስጽፉ።