በዛፎች መካከል የተወጠረ አንሶላ፦ የቅዳሜ ምሽት ፊልም በከዚራ

በድሬዳዋ ከዚራ ከሚገኙት የግቢ ካፌዎች አንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ደጅ ላይ ፊልም ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በሦስተኛው ቀን አብረውኝ የነበሩት ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖረው ለእረፍት የመጡት አጎቴ ናቸው። በሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ዳርቻ ሰዎች ከመኪናቸው ሳይወርዱ ፊልም የሚያዩበት ሜዳ እንደነበረና ዛሬ ቦታው መጋዘን እንደተሠራበት በባጃጁ ውስጥ ሲያጫውቱኝ ስለመጡ፣ የካፌውን አገልግሎት ያየሁት ከዚያ ከጠፋው ሲኒማ ጋር እያስተያየሁ ነው።

የፊልሙ ሸራ በሁለት ዛፎች መካከል የተወጠረ ነጭ አንሶላ ነው። ነፋስ እንዳያነሳው ውሃ የተሞሉ የሃይላንድ ጠርሙሶች በታችኛው ጠርዝ ላይ በሲባጎ ታስረዋል፤ ያም ሆኖ ነፋሱ በረታ ሲል የተዋናዩ ጉንጭ ያብጥና መልሶ ይሟሽሻል። ምስሉ ግን ጥርት ያለ ነው። ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ የተባለው አሜሪካዊ በ1933 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ካምደን አጠገብ የመጀመሪያውን የመኪና ሲኒማ ከመክፈቱ በፊት ሐሳቡን የሞከረው በዚሁ መንገድ ነበር፤ በግቢው ዛፎች ላይ አንሶላ ሰቅሎ፣ ፕሮጀክተሩን በመኪናው ኮፈን ላይ አስቀምጦ። የፈጠራ መብት ያስገኘለት ግን አንሶላው ሳይሆን መሬቱ ነው። የፊተኛው መኪና የኋለኛውን እንዳይከልል፣ በየረድፉ የፊት ጎማ የሚወጣበት ተዳፋት ሠርቷል።

ካፌው የጎደለው ይህ ነው። ግቢው ደልዳላ፣ ወንበሮቹም እኩል ቁመት ያላቸው በመሆናቸው ከአራተኛው ረድፍ ጀምሮ ያለ ተመልካች ፊልሙን የሚያየው በሰው ትከሻ መካከል አንገቱን እያሰገገ ነው። ከፊት ምንጣፍና በርጩማ፣ ከኋላ ወንበር ቢደረግ ያለብዙ ወጪ የሚስተካከል ነገር ነው።

ድምፁ ከዚህ የባሰ ችግር አለበት። ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች ሸራው ሥር ስለተቀመጡ ከፊት ያለውን ያደነቁራሉ፣ ከኋላ ላለው አይደርሱም። አስተናጋጁ አጎቴ ጆሯቸውን ሲይዙ አይቶ «ጋሼ፣ በዛብዎት?» ብሎ ድምፁን ቢቀንሰው፣ ወዲያው ከኋላ «አቦ፣ ጨምሩት!» የሚል ጩኸት ተነሣ። የመጀመሪያዎቹ የመኪና ሲኒማዎችም ድምፅ የሚለቁት ከሸራው በኩል ስለነበር ጎረቤት ይረበሽ ነበር፤ መፍትሔ የመጣው አር ሲ ኤ የተባለው ኩባንያ በ1941 እ.ኤ.አ. ለየመኪናው ለብቻ የሚሆን፣ ባለቤቱ ራሱ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ድምፅ ማጉያ ሲያቀርብ ነው። ለካፌው አነስ ያሉ አራት ማጉያዎችን በግቢው ዙሪያ መስቀል ይበቃዋል።

በአንድ ነገር ግን የድሬዳዋው ግቢ ከአሜሪካኖቹ በእጅጉ ይሻላል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ 4,000 ገደማ የደረሱት የመኪና ሲኒማዎች በኋላ የተመናመኑት የመሬት ዋጋ በመናሩ፣ ባለቀለም ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ካሴት በየቤቱ በመግባታቸው ብቻ አይደለም። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው አገሪቱ ቀኑ በሚረዝምበት በበጋ ወራት የእጅና የግድግዳ ሰዓት ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደፊት ሲገፋ ጀምበር የምትጠልቀው በዚያው ልክ ዘግይታ ስለሆነ፣ ፊልሙ የሚጀመርበት ጨለማ ልጆች ከሚተኙበት ሰዓት ጋር ተጋጨ። እኛ ዘንድ የጀምበር መጥለቂያ ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ካፌው ሁልጊዜ ልክ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ የቀኑ ሙቀት ሰውን ቀድሞውኑ ከቤት ስላስወጣው ግቢው ያን ጊዜ ሞልቷል።

የመግቢያ ክፍያ የለም፤ አንድ ሻይ ያዘዘ ሰው እስከ መጨረሻው ይቀመጣል። ትኩስ ባጂያው ከዳጣ ጋር ግሩም ነው፣ ሳምቡሳው ግን ሦስቱንም ጊዜ ቀዝቅዞ መጥቷል። የመኪና ሲኒማ ባለቤቶችም ከቲኬት ይልቅ ከምግቡ ያተርፉ ስለነበር፣ ካፌው ወጥ ቤቱን ችላ ባይል መልካም ነው።

ለወባ ትንኝ እጀ ረጅም ልብስ ያስፈልጋል። አጎቴ ከመመለሳቸው በፊት አንድ ቅዳሜ ስለሚቀረን፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ወንበር እንዲይዝልን ለአስተናጋጁ ነግረነው ወጣን።